ለሁለት የማይከፈል

መስከረም 22

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ፣ ለሚጢዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ እየሮጠ መጥቶ አንገትሽ ላይ ይጠምጠም። ከተለያየን ወዲህ እንዴት ከረምሽ? አየሩ ተስማማሽ ወይ? በአረጋውያን ማረፊያው የምታስታምሚያቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶችስ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። አሁን ይህን "ደኅና ነኝ" የሚለውን ከጻፍኩ በኋላ ውሸት መሆኑ ትዝ አለኝና ልሰርዘው ነበር፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኩት። ደኅና አይደለሁም፣ ነገር ግን ደኅና ትሆኛለሽ ተብያለሁ። ስለዚህ ሳትደነግጪ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ያለው እናትሽ ቤት ስለሆነ ነው። አክስቴ እኔ ስደውል ከአጠገቤ ፈቀቅ ብላ አታውቅም። እኔን "ሬዲዮ" እያላችሁ ስታሾፉብኝ ኖራችሁ፤ ማሰራጫ ጣቢያዋ ግን እናትሽ ናት። ስለዚህ ይህን ወረቀት ድንበር የሚሻገረው አውቶቡስ ሹፌር ይዞልኝ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ እግሯን የተሰበረች ጊዜ ልታስታምሚያት መጥተሽ ክረምቱን እኔ ክፍል አብረን ስንተኛ፣ ያ ሳል አልለቅ ብሎኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የክር ብናኝ ነው፣ የጠመኔ ብናኝ ነው እያልኩ አንቺንም ራሴንም ሸነገልኩ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሰብኝ። ደግሞ ላብ፤ አንሶላው የሚጨመቅ ሆነ። እንዲያም ሆኖ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ነውና ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም።

አንድ ቀን የሰፈራችን ነርስ፣ ያቺ ቤት ለቤት የምትዞረዋ፣ አብራን የምትሠራውን የቁልፍ ተካይዋን ሕፃን ክትባት ልትጠይቅ ስፌት ቤታችን መጣች። ፊት ለፊት ሁላችንም "ሲስተር" እንላታለን፣ ከኋላዋ ግን ስሟ "መስኮት ክፈቱ" ነው፤ ከሰላምታ በፊት የምትለው እሱን ስለሆነ። ገና ደጅ ሳለች ሳሌን ሰማችው። ገብታ መስኮቱን ራሷ ልትከፍት ስትል ተኳሻችን ካውያዋን እንደያዘች ቀደመቻትና፣ መስኮት ከተከፈተ ነጩ ጨርቅ አቧራ ይጠጣል አለቻት። ሲስተርም፣ ከተዘጋ ደግሞ ሳንባችሁ ይጠጣዋል ብላ ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብጥስጣሹ ሁሉ በቤቱ በረረ። ተሳሳቅን፤ እኔ ስስቅ ሳሌ መጣ፤ ሳቁ ቆመ።

በትንሽ ዕቃ አክታ ስጪኝ ብላ ደጅ አወጣችኝ። ክረምቱን ሙሉ ሳልጠራው ሲመጣ የከረመ ሳል፣ ያን ቀን ብጠራው ብጠራው አልመጣም አለ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሮ "በርቺ" ሊለኝ ምንም አልቀረው። ለማንኛውም ውጤቱ መጣ። ቲቢ ነው፣ የሳንባ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ብርጭቆዬንና ማንኪያዬን መለየት ነበር። ሲስተር አይታ ሳቀችብኝ። ማንኪያው ምንም አላደረገሽም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ አየሩ ነው ከአንዱ ለሌላው የሚያቀብለው አለችኝ። መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። በየማለዳው መጥታ ስውጥ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ "አፍሽን ክፈቺ" ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን አፌን እከፍታለሁ።

ከማን ጋር እንደምሠራ፣ ከማን ጋር እንደምተኛ ሁሉን ጠየቀችኝ። አንቺንም ነገርኳት። እሷም፣ ያቺ እህትሽ የትም ትሁን የት መመርመር አለባት አለችኝ። እና ሚጢዬ፣ ትስያለሽ ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ። ሹፌሩ ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይመጣብኝ።

ወላዲቱ ትጠብቅሽ። ዓይንሽን ለማየት የምትጓጓው ታላቅሽ።


ኅዳር 9

ለእትዬ፣ ለእናቴም ለእህቴም፤

ጤናሽን ሙሉ ያድርግልኝ። ደብዳቤሽ መንገድ ተዘግቶ ዘግይቶ ደረሰኝ። አንብቤ እንደገና አነበብኩት። እግዚአብሔር ይማርሽ። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። እኔ ደኅና ነኝ፣ አታስቢ።

ሥራ ግን በዝቷል። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ነው ቀኑን ሙሉ። ከሁሉም የምወዳቸው አንድ አባባ አሉ። በጉብዝናቸው ዘመን ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጥና ማንኪያ እንኳ አይዝላቸውም። እኔ ካላበላኋቸው አይበሉም። ሌላዋ ልጅ ስትመጣ አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። "ይቺ ሾርባ ስታበላኝ ግድግዳ የምትለስን ይመስላታል" ይላሉ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ መድኃኒት ምን ይመስላል? ከምግብ በፊት ነው የሚዋጠው ወይስ በኋላ? ያቅለሸልሻል? እንዲሁ ስላንቺ እያሰብኩ ነው የምጠይቅሽ።

ሌላው ደግሞ፣ ሹፌሩ ሲመጣ አንድ የሚሞቅ ቀሚስ ሰፍተሽ ላኪልኝ። ወገቡን በደንብ አጥብቢው፣ ትከሻውንም ወደ ውስጥ ገባ አድርጊው። እዚህ ጠበብ ያለ ነው የሚለበሰው። ለነርሷ ስለ እኔ ብዙ አትንገሪያት፤ ሩቅ ያለ ሰው ምን ያደርግላታል?

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 28

ለሚጢ፣ ለተንኮለኛዋ እህቴ፤

በያለሽበት የደግ ሰው ጥላ አይለይሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አሁንስ ሳልዋሽ ደኅና ነኝ ማለት ችያለሁ። ሳሉ ጋብ ብሏል፣ ምግብ ይበላልኛል። አክታዬ እንደገና ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብሏል። የሰማሁ ጊዜ እልል ልል ስል፣ ሲስተር "ገና ነው፣ መድኃኒቱ አላለቀም፤ እልልታሽን አስቀምጪው" አለችኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ልጅት፣ እኔን ማንን መሰልኩሽ? ልኬትሽን በሜትር ሳይሆን በዓይኔ ነው የማውቀው። ከሄድሽ ገና ምን ያህል ሆነና ነው ወገብሽን ያን ያህል የማጠበው? ጠባብ ልብስ የሚወድ ሰው ወገቡን ያስጠብባል፤ የትከሻውን አጥንት ግን ፋሽን አያሳጥረውም። ትከሻ ገባ የሚለው ሥጋ ሲያልቅ ነው። ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ያ ሁሉ ጥያቄ። ዳር ዳር አትበይብኝ። ካንቺ ሐሳብ የተነሳ ጨርቅ ቆርጬ የት እንዳስቀመጥኩት ይጠፋኛል፣ የአንዱን እጅጌ ለሌላው ልገጥም ነበር።

እዚህ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሲስተር ሁላችንንም አስመረመረችን። ተኳሿም ተገኘባት! ለካ እሷም የካውያው እንፋሎት ነው እያለች ሳሏን ስትደብቅ ኖራለች። መድኃኒት ጀምራለች። እናትሽ ምንም አልተገኘባትም። የቁልፍ ተካይዋ ሕፃን አልታመመም፤ እንዳይዘው ግን መከላከያ ይሰጠዋል።

ታዲያ ወሬው ወጣና ደንበኛ ቀረብን። ዩኒፎርም ያሰፉ የነበሩ እናቶች ከማዶ እያዩን ያልፋሉ። ሲስተር ይህን ስታይ ምን አደረገች መሰለሽ? ጨርቅ ገዝታ መጣችና ጋውን ስፉልኝ አለች። የተከፈተው መስኮት ሥር ቆማ፣ ሰው እያያት፣ እጇን ዘርግታ ተለካች። ልክሽ አልተስተካከለም እያለች እየመጣች ደጋግማ አስለካችን። አንድ ጋውን ለመስፋት እንዲህ የተለካ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀስ በቀስ እናቶቹ መመለስ ጀመሩ።

አንድ ቀን ጠመኔዬን አንስታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ክብ ክብ ሣለች። አንዱ እኔ፣ አንዱ ተኳሿ፣ አንዱ አክስቴ፣ በመካከላችን መስመር። ተኳሿ ቱግ አለች፤ ጥፋተኛ ልትፈልጊብን ነው ወይ ብላ። ሲስተርም፣ "ማን ለማን እንደሰጠ አይደለም የምፈልገው። እስከ ማን እንደደረሰ ነው" አለቻት። የተመረመርነው ላይ ሁሉ ምልክት አደረገች፤ አንዷ ክብ ግን ምንም ምልክት የለባትም። ይቺስ አለችኝ። እኔ ዝም ስል ሁሉም ገረማቸው።

ያቺ ክብ አንቺ ነሽ። ቀሚሱን አልሰፋም እውነቱን እስክትጽፊልኝ።

በሐሳብ የምትንከራተተው ታላቅሽ


ታኅሣሥ 17

እትዬ፤

ደኅንነትሽን ያሰማኝ። ካንቺ መደበቅ እንደማልችል ማወቅ ነበረብኝ።

እስላለሁ። ከሄድኩ ብዙም ሳይቆይ ነው የጀመረኝ። ላቡም አለ። እዚህ ያሉት ጉንፋን ነው ስላቸው አምነውኛል፤ ማሳል ሲመጣብኝ ልብስ ማጠቢያው ቤት ገብቼ በማሽኑ ድምፅ እሸፍነዋለሁ።

ተመርመሪ ትይኛለሽ። ነገሩ እንደሱ ቀላል አይደለም። አብራን ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ ስትስል ኃላፊዋ ሰማቻትና በዚያው ቀን ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ የት እንደደረሰች እስካሁን የሚያውቅ የለም። እኔም ከዚህ ከወጣሁ የምገባበት የለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ ስለምንሽም እያፈርኩ ነው። ካንቺ መድኃኒት ትንሽ ላኪልኝ። አንቺ እየዳንሽ ነው፣ ሁሉም ባያስፈልግሽ ነው። ስናድግ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተጎናጽፈን ነው። አንቺ ሁልጊዜ ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ትሰጪኝ ነበር። አሁን ትንሹን ስጪኝ።

ማንም አይወቅብን። ሹፌሩም ቢሆን።

ሚጢሽ


ጥር 6

ለሚጢዬ፤

ያንቺን ክፉ ለእኔ ያድርገው። አንጀቴን በላሽው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ቁጭ ብል አልችል፣ ብቆም አልችል፤ ተኳሿ "ምን ነክቶሽ ነው እንደ ቁንጫ የምትዘዪው?" እስክትለኝ ድረስ።

እንግዲህ ስሚኝ። ሲስተር አሁን በየማለዳው አትመጣም። የምትዞርበት ቤት በዝቶባታል፤ ሌላ ሰፈር በሽታው ሁለት ቤተሰብ ሙሉ ይዞባታል። አንቺን አምንሻለሁ ብላ መድኃኒቱን የሳምንት የሳምንት እየሰጠች፣ ስታልፍ ብቻ ብቅ እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ላንቺ እያልኩ አጠራቀምኩልሽ። ውስጤ ቅር ቢለውም፣ የዋጥኩት ክረምቱን ሙሉ የሳለውን ደረቴን ጸጥ አድርጎታል፤ ለሁለታችንም ይበቃል ብዬ ነው።

ቀሚስሽን ሰፍቻለሁ። ወገቡን ስቆርጥ የልጅ ቀሚስ የምሰፋ መሰለኝ። መድኃኒቱ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው በስፌት ከልዬ ኪስ ኪስ ሠርቼለታለሁ። ከግራ በኩል ጀምረሽ እየተረተርሽ ነይ። እንዳትተኩሺው! እንዳታጥቢውም። ሹፌሩ አንስቶ መዘነና ይሄ ቀሚስ ምን አክብዶት ነው አለኝ። ጥሩ ስፌት ሲወርድ እንዲያምር ጫፉ ላይ ክብደት ይደረግበታል አልኩት። ውሸትም አልነበረም፤ ለትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሰፍተን እናውቃለን።

በባዶ ሆድ ዋጪው። ሽንትሽ ቀይ ቢሆን እንዳትደነግጪ፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ኑዛዜ ልናዘዝ ነበር። ብርታት ይስጥሽ። ብቻ ዳኚልኝ።

ታላቅሽ


የካቲት 2

እትዬ ማሬ፤

ምን ብዬ ላመስግንሽ? ቀሚሱ ደርሶኛል፣ ልክክ ብሎልኛል። ውስጡ ያለውም ደርሶኛል። ሽንቴም እንዳልሽው ሆነ። ሳሌ ቀንሷል፣ መብላት ጀምሬያለሁ። አባባ እንኳ አይተውኝ "ዛሬ ጉንጭሽ ላይ ሰው አለ" አሉኝ።

እጥፋቱ እያለቀ ነው። እንደገና ብትልኪልኝ? የአሁኑ ገበር ያለው ካፖርት ቢሆን ብዙ ይይዛል። እማዬ እንዳትጠረጥር፣ ለብርድ ነው በያት።

አባባ ትንሽ ሳል ጀምሯቸዋል። ብርዱ ይሆናል።

ታናሽሽ


መጋቢት 5

ለሚጢ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ቀልድ የለም። ሹፌሩ ይህን ይዞ ሲመጣ ካፖርት እንዳትጠብቂ።

ሳሌ ተመለሰ። መጀመሪያ ላለማመን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ፤ ብናኝ ነው አልኩ እንደገና። ሲስተር አክታዬን አስመረመረች። ንጹሕ የነበረው ቆሽሾ ተገኘ። ቤቴ መጣችና ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ትቆጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ራሷን መውቀስ ያዘች። በየቀኑ መምጣት ነበረብኝ፣ ሥራ በዛብኝ ብዬ ተውኩሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አለችኝ።

ሚጢዬ፣ ስድቧን እችለው ነበር። ይህንን ግን አልቻልኩም። ከአፌ ወጣ፤ ቀሚሱን፣ እጥፋቱን፣ አንድ ቀን ለእኔ አንድ ቀን ላንቺ ማለቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ስጨርስ ቦርሳዋን አውርዳ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እትዬ፣ ዳቦ ለሁለት ሲቆረስ ሁለት ሰው ይበላል። ይሄ ግን ለሁለት ሲከፈል የሚበላው በሽታው ብቻ ነው።"

ግማሽ ሲዋጥ ተህዋሱ አይሞትም አለችኝ፤ ተደብድቦ ያመለጠ ሌባ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዱላው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። የእኔ መድኃኒት ይሥራ አይሥራ ለማወቅ አክታዬ ወደ ትልቅ ምርመራ ተልኳል። ካልሠራ ሌላ አለ፣ የሚረዝምና የሚከብድ። አሁን እንደገና በየማለዳው ትመጣለች። የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛባት።

ያንቺም ሳል ቀነሰ ማለት ዳንሽ ማለት አይደለም። እስክትድኚ የምትተነፍሺበት ቤት ሁሉ በሽታው ይደርሰዋል። እኔ ይህን ስሰማ ያቺ በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ የጻፍሻት ነገር መጣችብኝ፤ "አባባ ትንሽ ሳል ጀምሯቸዋል" ያልሽው። ለሲስተር አነበብኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ። ያ ቤት ያረጀ ሰው የተሞላ ነው አይደል አለችኝ። አዎ አልኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ አልልክልሽም። ከልቤ ነው የምልሽ፤ ብታለቅሺም አልልክም። በሕይወቴ እምቢ ብዬሽ አላውቅም፣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከደብዳቤው ጋር ሲስተር የጻፈችው ወረቀት አለ። እዚያ አገርም እንደሷ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ አትጠፋም፤ ፈልገሽ ስጫት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተሻል።

ካልሄድሽ ለእናትሽ እነግራታለሁ። እሷ በክራንቿ ድንበር ተሻግራ ትመጣለች፤ ታውቂያታለሽ።

ታላቅሽ


ሚያዝያ 1

ሚጢዬ፤

ሹፌሩ ባዶ እጁን መጣ። ሰጠኋት፣ ተቀበለችኝ፣ ምንም አላለችም አለኝ። ፊቷ እንዴት ነበር አልኩት። "እኔ መሪ ነው የማየው" አለኝ፤ አፍንጫውን ልለው ምንም አልቀረኝ።

ተቀይመሽኝ ነው? ተቀየሚ። ስደቢኝ፣ ጽፈሽ ስደቢኝ። ከዝምታሽ ስድብሽ ይሻለኛል። መድኃኒቴን ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሲስተር በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትለኝ "ጻፈች?" ነው። መስኮት ክፈቱ ማለቱን እንኳ ረስታዋለች።

ለእናትሽ እስካሁን አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከስፌት መኪናው ተነስቼ የአውቶቡሱን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መንገዱ እወጣለሁ፤ ጊዜው እንዳልደረሰ እያወቅሁ።

አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። "አለሁ" በይኝ።

ታላቅሽ


ሚያዝያ 29

እትዬ፤

አለሁ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ትራሴ ሥር አብረው ከረሙ። የመጀመሪያውን ያነበብኩ ጊዜ ተናደድኩብሽ። የምድንበትን ነፈገችኝ፣ ጨከነችብኝ አልኩ። የሲስተርን ወረቀት ልቀደው ነበር፤ ቀድጄም አልጣልኩት፣ ለማንም አልሰጠሁት። እንዲሁ ስዞር ከረምኩ። ሥራ ላይ ዕቃ ይወድቅብኛል። ሰው ስሜን ሲጠራ ሻንጣዬ በር ላይ የወጣ ይመስለኛል።

አባባ ባሰባቸው። ሐኪም ቤት ወሰዷቸው፤ ያው የኛው በሽታ ነው ተባለ። በሳምንቱ የዚህ ሰፈር ነርስ መጣች። ብስክሌቷን ደጅ አቁማ ገባችና ሠራተኞቹንም አባባንም መመገቢያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበችን። አባባ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ጥግ ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ነርሷ ማን እንደሚስል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ጠየቀች። ሁሉም ጫማውን ያያል። ቀጥላ አባባን ማን እንደሚያበላቸው ጠየቀቻቸው።

"ማንም። በራሴ ነው የምበላው" አሏት።

እትዬ፣ ለካ ያውቁ ኖሯል። ልብስ ማጠቢያው ቤት ገብቼ ስስል የሚሰሙ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ክፍላቸው ከግድግዳው ወዲያ ነው። አንድም ቀን አልተናገሩኝም። አሁን ነርሷ ስትጠራጠር፣ ላሳይሽ ብለው መሸፈኛውን ዝቅ አድርገው ከፊታቸው ከነበረው ሾርባ በማንኪያ ቀዱ። አፋቸው ሳይደርስ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ደገሙት። እንደገና ፈሰሰ። የፀጉር ክር የምታክል ብሎን በሰዓት ውስጥ ያስገቡ የነበሩ ሰው። የሳቀ የለም። እሳቸው ብቻ ቀና ብለው በዓይናቸው "ዝም በይ" አሉኝ።

ሄጄ ማንኪያውን ከእጃቸው ወሰድኩት። "ይተዉት አባባ። እኔ ነኝ የማበላቸው። የምስለውም እኔ ነኝ።" ከዚያ ማቆም አቃተኝ፤ የእህቴን መድኃኒት ግማሹን ስውጥ እንደነበር ጭምር ተናገርኩ። የሲስተርን ወረቀት ከጡት ማስያዣዬ አውጥቼ ሰጠኋት። በላቤ ረጥቦ ነበር።

ኃላፊዋ ዕቃሽን ሰብስቢ አለችኝ። ይህን ነበር የፈራሁት፤ ሲመጣ ግን አልወደቅሁም። ነርሷ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ወደሷ ዞረች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "እሷን ብታስወጫት ነገ የሚስል ሁሉ አፉን ይዘጋል። ያን ጊዜ እኔ ማንን ፈልጌ አገኛለሁ? አንቺስ እነዚህን ሽማግሌዎች በምን ታድኛቸዋለሽ?" ኃላፊዋ በሩን ለቃ ወጣች። ግን ማታ ሻንጣዬ በር ላይ አልነበረም። ግቢው ጫፍ ላይ ለብቻዋ የቆመች ክፍል ሰጡኝ፤ ሥራዬ ይቆየኝ አይቆየኝ ገና አልተነገረኝም። የሥራ ጓደኞቼ አሁን ለምርመራ እየተሰለፉ ነው፤ ሁለቱ ለካ እንደኔ ሲደብቁ ነበር።

መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ የራሴን፣ በራሴ ስም። አክታዬም እንዳንቺው ለትልቁ ምርመራ ሄዷል። ግማሽ ግማሹ ምን እንዳደረገን የሁለታችንም ውጤት ነው የሚናገረው። ፈርቻለሁ። ነርሷ አትፍሪ አላለችኝም፤ የትኛውም ቢመጣ መንገድ አለው ነው ያለችኝ። ለእማዬ እኔው ራሴ ጽፌያለሁ፤ ሹፌሩ ሁለቱንም አብሮ ያመጣል። አንቺ ቀድመሽ ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ።

አባባን ተቆጣኋቸው። አንዷ ስትወደኝ መድኃኒቷን ገምሳ ሰጠችኝ፣ እርስዎ ደግሞ ሲወዱኝ ዋሹልኝ፤ ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ ልትቀብሩኝ ነበር አልኳቸው። እሳቸውም፣ ያቺ እህትሽ ሰዓት ማሠሪያ ትልክልኝ፣ ከሷ ጋር የምንግባባ ይመስለኛል አሉኝ።

አሁን ማለዳ ማለዳ ነርሷ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና ግቢው ውስጥ ታስቀምጠናለች፣ እሳቸው ባንዱ አግዳሚ፣ እኔ በሌላው። አባባ እኔ ሳልውጥ አይውጡም። እኔም እሳቸው ሳይውጡ አልውጥም። ሰርቀው እንዳይተፉት ነው። ነርሷ ስለዚህ "በአንድ ላይ" ትለናለች። ክኒኑን አፋቸው ውስጥ እሷ ታደርግላቸዋለች፣ ውሃውን እናነሳለን፣ ከዚያ አፋችሁን ክፈቱ ትላለች። እንከፍታለን፤ እኔም፣ ጥርስ የሌላቸው አባባም።

ሙሉውን ውጠነዋል።

ታናሽሽ